ደመና ውስጥ ማንን ማመን? ከጣና እስከ ጮቄ ለሚበር ሰው

ክረምት ላይ ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን የሄደ ሰው ያውቀዋል። ከመስኮቱ ውጭ ሰማይም ምድርም የለም፤ ሁሉም ነጭ ነው። እዚያ መሃል የማስጠንቀቂያ ደወል ቢጮህ አብራሪውን ቀድሞ የሚያሳስተው የገዛ ጆሮው ነው። አብራሪ ለመሆን ለምታስቡም፣ ቤት ውስጥ በሲሙሌተር ለምትለማመዱም የሚጠቅም ቅደም ተከተል እነሆ።

1. መጀመሪያ ሰውነታችሁን ፈትኑት። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ ተቀመጡና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጓደኛችሁ ቀስ ብሎ፣ ፍጥነቱን ሳይቀያይር ያዙራችሁ። 20 ሰከንድ ገደማ ሲሞላ የቆማችሁ ይመስላችኋል። በእርግጥ ሲያቆማችሁ ደግሞ ወደ ተቃራኒው የምትዞሩ ይመስላችኋል። በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ የሚነግረን የመዞርን ለውጥ ነው፤ ያው ዙር ሲቀጥል ዝም ይላል። ለዚህ ነው ደመና ውስጥ ክንፉ አዘንብሎ የሚዞር አውሮፕላን ቀጥ ብሎ የሚሄድ የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመሣሪያ መብረር ያልሰለጠኑ 20 ሰዎች ተፈትነው ነበር። አንዳቸውም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አልቻሉም። መቆጣጠር እስኪያቅታቸው በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ብቻ ነው።

2. መሪውን ከመጎተታችሁ በፊት አድማስ ጠቋሚውን፣ ማለትም የአውሮፕላኑን ማዘንበል የሚያሳየውን መሣሪያ፣ እዩ። ክንፉ እኩል ነው? አፍንጫው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? መጀመሪያ እነዚህን አስተካክሉ። ሰውነታችሁ «ተጋደምክ» እያለ ይጮኻል። ይጩኽ። ጭንቅላታችሁንም ድንገት አታዙሩ፤ ማዞሩን ያብሰዋል።

3. አንዱን መሣሪያ በሌላው አረጋግጡ። ማመን ማለት አንዱ ላይ ማፍጠጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አጠገብ ባሕር ውስጥ በወደቀው፣ በርገንኤር የተባለ አየር መንገድ ቦይንግ 757፣ ችግሩ የነበረው በካፒቴኑ በኩል ያለው ፍጥነት መለኪያ ላይ ነው። የረዳት አብራሪው ትክክል ነበር። 189 ሰው አለቀ። ስለዚህ የግራውን፣ የቀኙንና የመጠባበቂያውን መለኪያ አስተያዩ። ፍጥነቱ ካልታመነ አፍንጫው ወደ ላይ የሚያዘነብልበትን የታወቀ መጠንና የታወቀ የሞተር ኃይል ያዙ፤ ሁለቱ አንድ ላይ አውሮፕላኑን በአየር ላይ ያቆዩታል።

4. መሣሪያው የሚነግራችሁን በትክክል አንብቡ። ጎጃም ላይ ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ከፍታ መለኪያው በአብዛኛው የሚያሳየው ከባሕር ወለል ያለውን ከፍታ ነው። የባሕር ዳር ማረፊያ ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ማለትም 6,000 ጫማ ግድም ላይ ነው። መለኪያው 10,000 ጫማ ቢል ከሜዳው በላይ ያላችሁ 4,000 ብቻ ነው። የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር፣ ማለትም ከ13,000 ጫማ ያልፋል። መለኪያው 10,000 እያለ ወደዚያ ያቀና አብራሪ መሣሪያው ምንም ሳይዋሽ ከተራራው ጋር ይጋጫል። ከመነሳታችሁ በፊት የየአካባቢውን ዝቅተኛ አስተማማኝ ከፍታ ካርታው ላይ እዩ። ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማውም የአየር ግፊት ቁጥር ተቀብላችሁ መለኪያው ላይ ሙሉ።

5. ሬዲዮው ከዚህ በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ሲረጋጋ ማማውን ጥሩ። ከፍታችሁን፣ አቅጣጫችሁንና ችግሩን ከመሣሪያው ላይ እያነበባችሁ ተናገሩ።