ሰውን ወደ ጠፈር በጋራ ለመላክ ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አገራት ተባብረው ሰው ወደ ጠፈር ለመላክ ሲነሱ ብዙው ነገር የሚወሰነው ሮኬቱ ሳይነሳ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እዚያ የሚሠሩ ስህተቶች ደግሞ ተደጋጋሚ ናቸው።

መገጣጠሚያውን ለኋላ ማቆየት። ሁሉም የየራሱን መንኮራኩር ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ «እንዴት እናገናኛቸው?» ቢባል ረፍዷል። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካው አፖሎና የሶቪየቱ ሶዩዝ መንኮራኩሮች ምህዋር ላይ እንዲገናኙ ሲታቀድ ብረቱ ቀርቶ አየሩ እንኳ አይገጥምም ነበር። አሜሪካኖቹ የሚተነፍሱት ንጹህ ኦክስጅን ነው፤ ግፊቱም ምድር ላይ ካለው አንድ ሦስተኛ ገደማ። ሶቪየቶቹ ጋ ያለው እንደ ምድር አየር፣ በሙሉ ግፊት። በር ከፍቶ ዘው ማለት የለም። ስለዚህ መሃል ላይ ግፊት የሚስተካከልበት ክፍል ተሠራ፤ ሶቪየቶቹም በበኩላቸው ግፊታቸውን ቀነሱ። መያያዣውንም አብረው ነደፉት። የሁለቱ መንኮራኩሮች አዛዦች ቶማስ ስታፎርድና አሌክሴይ ሊዮኖቭ የተጨባበጡት ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ነው። ስለ ቋንቋም ቀድመው ተስማምተዋል፦ አሜሪካኖቹ በሩሲያኛ፣ ሩሲያውያኑ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። ተናጋሪው ቢንተባተብም ሰሚው በራሱ ቋንቋ ይሰማል። እኔ በጣም የምወደው ውሳኔ ነው።

ወሳኙን ነገር ለአንድ አገር ብቻ ጥሎ መተኛት። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ግንባታ በ1998 ሲጀመር የሠራተኞቹ መኖሪያ ዝቬዝዳ የሩሲያ ድርሻ ነበር። በገንዘብ እጥረት ዘገየና በ2000 ተወነጨፈ። እስከዚያ ቋሚ ነዋሪ መግባት አልቻለም። የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ ነገሩ ከባሰ በሚል ተለዋጭ ክፍል እስከማሠራት ደርሶ ነበር። ግን ሩሲያን ብቻ መውቀስ ልክ አይደለም። በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ሰባት ጠፈርተኞችን ይዛ ስትጠፋና የአሜሪካ መንኮራኩሮች በረራ ሲቆም፣ ጣቢያው ባዶ እንዳይቀር ያደረገው ሶዩዝ ነው። ሁለት መንገድ መኖሩ ቅንጦት አይደለም።

ትብብርን በጥሬ ገንዘብ ብቻ መለካት። አውሮፓ ኮሎምበስ የተባለውን ላቦራቶሪዋን አሜሪካኖች እንዲያደርሱላት ብላ በምላሹ የጣቢያውን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኙ ክፍሎች ሠርታ ሰጠች። በዓይነት ሲከፈል ገንዘቡ አገር ውስጥ ባለ ፋብሪካና መሐንዲስ ላይ ይውላል።

በሩን ዘግቶ መቀመጥ። ከ2011 ጀምሮ የአሜሪካ ኮንግረስ ናሳ ያለ ልዩ ፈቃድ ከቻይና ጋር በቀጥታ እንዳይሠራ ከለከለ። ቻይና ግን አልቆመችም፤ ከ2021 ጀምሮ ቲያንጎንግ የተባለ የራሷን ጣቢያ ገነባች። አሁን ጨረቃ ላይ ለመውረድ ሁለት ጎራ ለየብቻ እየተዘጋጀ ነው። የ1968ቱ ዓለም አቀፍ ጠፈርተኞችን የማዳን ስምምነት አገራት ችግር ላይ የወደቀ ጠፈርተኛን እንዲረዱ ያስገድዳል፤ መንኮራኩሮቹ እርስ በርስ መያያዝ ካልቻሉ ግን በምን ይረዱታል? የዓለም አቀፉ ጣቢያ አጋሮች በ2010 የመያያዣ መለኪያቸውን ማንም እንዲጠቀምበት ይፋ አድርገዋል። ፖለቲካው ባይፈታም እንኳ ዋሽንግተንና ቤጂንግ ቢያንስ በዚህ ላይ ቁጭ ብለው ሊነጋገሩ ይገባል።