የወረደ የመኪና ጣሪያ ጨርቅ፦ ጥፋቱ የማስቲሹ አልነበረም

የአሮጌዋ የመስክ መኪናዬ የጣሪያ ጨርቅ መሐሉ ላይ ሆድ አውጥቶ ወረደ። የኋላ ማሳያ መስታወቱን ጋረደ፤ መስኮት ሲከፈትማ እንደ ሸራ ይርገበገባል።

መጀመሪያ በመርፌ ቁልፍ ወጋሁት፤ አልያዘም። ቀጥሎ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ማስቲሽ ቀባሁት። ተጣብቆ አደረና በማግስቱ ፀሐይ ሲመታው ተላጠ፤ ያተረፍኩት ቡናማ እድፍ ብቻ ነው። ጠንከር ያለ ማስቲሽ ገዝቼ ደገምኩት። ውጤቱ ያው።

በአራተኛው ቀን ተናድጄ ጨርቁን ስገነጥለው ነገሩ ገባኝ። ከጀርባው የተለበጠው ስስ ስፖንጅ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ማስቲሹ ይይዝ የነበረው ያንን ዱቄት ነው።

የፀሐይ መከላከያዎቹን፣ እጀታዎቹንና የመብራቱን ክዳን ፈትቼ ጨርቁ የተለጠፈበትን የፋይበር ግላስ ሰሌዳ በኋላ በር አወጣሁ። ቅሪቱን በናይለን ብሩሽ ጠረግኩ፤ የሽቦ ብሩሽ ሰሌዳውን ይቦጭቃል። ብናኙ ክፉ ስለሆነ አፍና አፍንጫ መሸፈን ግድ ነው። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ሁሉንም ይደግማል።

አዲሱ ጨርቅ 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ያለው ነው፤ ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተውኩለት። ሙቀት የሚችል የሚነፋ ማስቲሽ በሰሌዳውም በስፖንጁም ላይ ነፍቼ፣ ጣት ሲነካው የሚይዝ ግን ክር የማያወጣ እስኪሆን ጠበቅኩ። ከዚያ ጨርቁን ለሁለት አጥፌ ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ እየገፋሁ ለጠፍኩ። ጎድጓዳው ቦታ ላይ መወጠር አይገባም፤ መጀመሪያ የሚላጠው እሱ ነው።

ከ24 ሰዓት በኋላ የብሎን ቀዳዳዎቹን በምላጭ ከፍቼ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አልወረደም።