መድረክ ላይ የማይተነፈስ ግጥም አትጻፍ፦ ራፕ በድሬ

ድሬ ውስጥ ራፕ የሚሞክር ልጅ ሞልቷል። ሰፈር ውስጥ ስልኩን ከፍቶ ሲያሰማህ «አቦ ይሄ ልጅ ይችላል» ትላለህ። ከዚያ የትምህርት ቤት መዝጊያ ላይ ወይ የሆነ ሆቴል ግቢ ውስጥ ማይክ ይሰጡታል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ቀድሞ የተቀዳው የገዛ ድምፁ ከስፒከሩ እየወጣ ይዘፍንለታል፣ እሱ እጁን ያወናጭፋል። ጥፋቱ የመድረኩ አይደለም። ግጥሙ ሲጻፍ ሰው ፊት ቆሞ እንደሚባል አልታሰበበትም። ስለዚህ እዚህ የምነግርህ አሠራር ከመጨረሻው ይነሳል፦ መጀመሪያ መድረኩን አስብ፣ ከዚያ ብዕር አንሳ። («አንተ» የምለው ለማሳጠር ነው፤ እህቶቼ እንዳትቀየሙ።)

ሒፕ ሆፕ ራሱ ከድግስ ነው የወጣው። በ1973 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ ዲጄ ኩል ኸርክ ብሮንክስ ውስጥ እህቱ ያዘጋጀችውን ድግስ አጫወተ፤ የሚታወቀውም ሰው የሚጨፍርበትን የከበሮ ክፍል በሁለት ማጫወቻ እየደጋገመ በማስረዘሙ ነው። ራፕ በሸክላ ታትሞ ዓለም የሰማው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማይክ፣ ዲጄና የተሰበሰበ ሰው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ቢት፣ ማለትም ግጥሙ የሚባልበትን ሙዚቃ፣ ምረጥ። ጀማሪ ከሆንክ በደቂቃ ከ85 እስከ 95 ምት ያለው ይበቃሃል። በ90 ምት ፍጥነት 16 ባር (አንድ ባር አራት ምት ነው) ያለው ቨርስ፣ ማለትም በአዝማች መሃል የሚባለው የግጥም ክፍል፣ 43 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ በ140 ደግሞ 27 ሰከንድ። 43 ሰከንድ ሙሉ ሳታርፍ ማውራት ቀላል ከመሰለህ አሁኑኑ ቆመህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ሞክረው። ዩቲዩብ ላይ «ነፃ» የሚባሉት ቢቶች አብዛኞቹ ነፃ የሚሆኑት ገንዘብ እስካላገኘህባቸው ድረስ ነው፤ ዘፈኑን ልትለቀው ካሰብክ ፈቃዱን ግዛና ደረሰኙን አስቀምጥ። ከድሮ ዘፈን ክራር ወይ ሳክስፎን ቆርጠህ ማስገባት ካማረህም ባለቤቱን አስፈቅድ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቀልድ የወጣ አይደለም። ክራር የሚመታ ጓደኛ ካለህ ደግሞ በባቲ ወይ በትዝታ ቅኝት አራት ባር አስመታውና ቅዳ፤ እሱ ይሻላል፣ ማንም አይጠይቅህም።

አሁን ወደ ግጥሙ፤ ብዙ ጊዜ ልታጠፋ የሚገባህ እዚህ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። እንዳለ ከጻፍከው ቤቱ ራሱን በራሱ ይመታልሃል፦ «ብያለሁ፣ ሄጃለሁ፣ አይቻለሁ፣ በልቻለሁ»። ይሄን ሕፃን ልጅም ይችለዋል፣ ሰሚውም አራተኛው መስመር ላይ ይሰለቸዋል። መላው ግሱን ወደ መሃል ስበህ መስመሩን በስም መዝጋት ነው። ድሬ ደግሞ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት፤ ከዚራ (ሰፈሩ)፣ ቀፊራ (ገበያው)፣ ፈጢራ (የቁርስ ምግቡ)፦ ሦስቱም የመጨረሻ ፊደላቸው ብቻ ሳይሆን ሙሉ ድምፃቸው ይገጥማል። እንዲህ በለው፦

ቁርሴን በላሁ ከዚራ፣ ትኩስ ፈጢራ
ደቻቱን ተሻግሬ ደረስኩ ቀፊራ

(ደቻቱ ከተማውን የሚከፍለው አሸዋማ ወንዝ ነው።) ትልቅ ግጥም ነው አላልኩም። ግን አፍ ላይ ሲንከባለል ይሰማሃል፣ የድሬ ልጅ ደግሞ ሰምቶ ፈገግ ይላል፤ መንገዱን በእግሩ ያውቀዋላ። ከዚራ እያደገ ስለማያውቀው የአሜሪካ ሰፈር የሚፎክር ልጅ ግን ማንን ፈገግ እንደሚያሰኝ እኔ አላውቅም። ቤት መምታቱን በዓይን አትፈትነው፣ በአፍ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ ወረቀት ላይ ልክ የመሰለ ቤት ሲነገር ሊሰበር ይችላል።

ሰምና ወርቅ ካማረህ በየአራት ባሩ አንድ ይበቃል። እያንዳንዱ መስመር ቅኔ ከሆነ መድረክ ላይ ማንም አይከተልህም፤ ሰው የመጀመሪያውን እየፈታ ሦስቱ ያልፉታል። እስትንፋስህንም እንደ ቃል ጻፈው። በየአራተኛው ባር የመጨረሻዋን ምት ባዶ ተዋት፣ ደብተሩ ላይ ምልክት አድርግባት። ያቺ ባዶ ቦታ ኋላ መድረክ ላይ ጓደኛህ ወይም ሰዉ አንድ ቃል የሚጮህባት ትሆናለች።

አዝማቹ አጭር ይሁን፤ አንድ ጊዜ ሰምቶ ሰው የሚመልሰው። እዚህ ከተማ በአንድ ታክሲ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይወራል፣ ሐረሪም ይጨመራል። ይሄን ዘፈንህ ውስጥ ካላስገባኸው ዘፈኑ ከድሬ አልወጣም ማለት ነው። ብቻ በሶማሊኛ «ወሪያ» (አንተ!) ብሎ መጥራትና ማለፍ እንዳይሆን። የአዝማቹን ግማሽ በኦሮምኛ ወይ በሶማሊኛ አድርገው፣ አፉን በቋንቋው የፈታ ሰው ያርምልህ፣ ከተቻለም እሱው ይበለው።

ቀረጻው እንደሚፈራው አይደለም። ስቱዲዮ የምትከፍለው ከሌለህ ስልክና ባንድላብ የሚባለው የመቅጃ መተግበሪያ ይበቁሃል። ቢቱን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ስማ፣ አለዚያ ድምፅህ ውስጥ ይገባል። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ፣ የድምፁ ጣሪያ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። የቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልሱ ብርድ ልብስ ዙሪያህን ስቀል፤ ድሬ ላይ ብርድ ልብስ መቼም ሌላ ሥራ የለውም። ማራገቢያውን አጥፋ። በቀትር ይሄን ካደረግክ ስለምትቀቀል ከንጋት አዛን በኋላ ባጃጆቹ ሳይነሱ ቅዳ። ዋናውን ድምፅ አንዴ ከላይ እስከ ታች ሳትቆርጥ በለው። በቁራጭ የተቀጣጠለ ቨርስ መድረክ ላይ ያጋልጥሃል።

ሚክሱ ሲያልቅ ባጃጅ ውስጥ አስከፍተው። ስቱዲዮ ውስጥ ደረትህን የመታው ቤዝ በትንሽ ስፒከር ጭራሽ ላይሰማ ይችላል፤ ቤዙ ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሻከር የሚያደርግ ኢፌክት) ሲጨመር ትንሹም ስፒከር ያወጣዋል። ለአስተያየት ደግሞ ሰዓት ምረጥ። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ላለ ሰው አታሰማ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሁሉን ያደንቃል፣ አልበም አውጣ ይልሃል፣ ማናጀርህም ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ጠዋት ጠይቀው። ከዚያም «እንዴት ነው?» አትበል፣ «የቱ መስመር ትዝ አለህ?» በል። ምንም ካልመጣለት አዝማቹን እንደገና ጻፍ።

ስትለቀው ቴሌግራም ላይ በድምፅ ፋይል፣ ቲክቶክ ላይ አዝማቹን ብቻ አድርግ፤ መግቢያው ረጅም ከሆነ ማንም አይጠብቅህም። ለባጃጅ ሾፌሮች በፍላሽ ስጥ። ስድብ ይመጣል፣ «የአዲስ አበባውን አትቅዳ» የሚልም «እንደ አዲስ አበባው አይደለም» የሚልም ታገኛለህ፣ ሁለቱንም እለፋቸው። ሰዉ ስም ካወጣልህ ግን ተቀበል። ድሬ ያፈራችው ዓሊ ቢራም «ቢራ»ን ያገኘው በልጅነቱ መድረክ ላይ ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው።

አሁን መድረኩ። ለመድረክ የሚሆን ሌላ ፋይል አዘጋጅ፦ ቢቱና የአዝማቹ አጃቢ ድምፅ ብቻ፣ የአንተ ቨርስ የሌለበት። በፍላሽም በስልክም ያዘው፤ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገው፣ አለዚያ እናትህ መሃል ላይ ይደውላሉ። ልምምዱን እየተራመድክ አድርገው። በበጋ ደረቁ የደቻቱ አሸዋ ጥሩ ነው፤ አሸዋ ላይ እየሄደ ቨርሱን የጨረሰ መድረክ አያቅተውም። ክረምት ላይ ግን እንዳትሞክረው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከተራራው ይመጣል፣ የ1998ቱ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ሌሊት ነው።

ፕሮግራሙ ሳይጀመር ሄደህ ድምፅ ሞክር። ማይኩን ከጭንቅላቱ አትጨብጠው፤ ቪዲዮ ላይ ያምራል፣ ድምፁን ግን ያፍናል፣ ይጮኽብሃልም። ከስፒከሩ ፊት አትቁም። አዛን ከሰማህ ሙዚቃው ይቁም፣ ማንም ሳይነግርህ። ስትወጣ ቢቱ ሳይጀመር አዝማቹን ለሰዉ አስተምር፣ ሁለቴ አስብለው፣ ከዚያ ዲጄውን በዓይንህ ጥራ። ሰዉ ከቀዘቀዘ ሁለተኛውን ቨርስ ዘለህ ወደ አዝማቹ ተመለስ፤ ይሄን ከዲጄው ጋር ቀድመህ በምልክት ተስማማ። ሦስት ዘፈን ለጀማሪ ይበቃል።

መብራት ከጠፋ ማንም የማይሰጥህ ዕድል ነው። ያለ ቢት የምትለው አንድ ቨርስ ሁልጊዜ በቃልህ ይኑር፤ ወደ መድረኩ ጫፍ ውጣ፣ ጭብጨባውን አስጀምር፣ በባዶ ድምፅ በለው። አንድ ጓደኛህ ደግሞ ካሜራውን ወደ አንተ ሳይሆን ወደ ሰዉ ያዙር። የስንቱ አፍ የትኛው መስመር ላይ እንደተንቀሳቀሰ ቤት ገብተህ ታያለህ፣ ቀጣዩን ዘፈን ከዚያ ትጀምራለህ።

ክፍያውን አልረሳሁትም። ቀብድ ሳትቀበል አትውጣ፣ ቀሪውን ደግሞ ዕቃው ሳይነሳ፣ አዘጋጁ ፊትህ ቆሞ ሳለ ተቀበል። «ነገ ደውልልኝ» ያለ አዘጋጅ ነገ ስልክ አያነሳም።