የትምህርት መክፈቻ ከከባድ ዝናብ ጋር ሲገጥም

የትምህርት መጀመሪያ ቀን ከከባድ ዝናብ ጋር ሲገጣጠም፣ ከደብተሩና ከዩኒፎርሙ በፊት መታየት ያለበት ልጁ የሚሄድበት መንገድ ነው። ከመክፈቻው አስቀድሞ፣ ቢቻል ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ከልጅዎ ጋር መንገዱን በእግር ሄደው ውሃ የሚተኛበትን ጉድጓድና ቶሎ የሚሞላውን ቦይ ለይተው ያሳዩት፤ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ፈጣን ጎርፍ አዋቂን እንኳ ሊጥል ስለሚችል፣ ከቁርጭምጭሚት ብዙም የማያልፍ የሚመስለውን ድፍርስ ውሃ ሕፃን ብቻውን ሊሻገረው አይገባም። ነጎድጓድ ከተሰማ ዛፍ ሥር ከመጠለል ይልቅ ቤት ውስጥ መግባት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል፤ ማርፈዱን ለመምህሩ በስልክ ማስረዳት ይቻላል። ደብተሮቹን በፕላስቲክ ከረጢት ሲጠቀልሉ አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲም ይጨምሩበት፤ እግሩ የራሰ ልጅ ትምህርቱን በቅጡ አይከታተልም።