የምግብና የመጠጥ አቅርቦት ሰንሰለት አካባቢን እንዳይጎዳ ከየት እንጀምር?

ስለ ምግብና አካባቢ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ፕላስቲክና የጭነት መኪና ነው። ሁለቱም ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ቦታ ነው። በ2018 የወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ወደ 38,700 የሚጠጉ እርሻዎችን የዳሰሰ ጥናት እንዳሳየው፣ ምግብ ከሚያስከትለው ሙቀት አማቂ ጋዝ የማጓጓዣው ድርሻ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ ድርሻ የእርሻና የመሬት አጠቃቀም ነው። ምግብ ወይም መጠጥ የምታመርቱ፣ የምታከፋፍሉ ወይም የምትሸጡ ከሆነ ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ያዙት።

መጀመሪያ አንድ ምርት ምረጡ። ሁሉን ባንዴ ልያዝ ያለ አንዱንም አይጨርስም። ጥሬ ዕቃው ከየት መጣ? ማን አጓጓዘው? የት ቀዘቀዘ? በምን ታሸገ? ምን ያህሉ ተጣለ? ይህን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። እርጎን እንውሰድ። ላም ስታመሰኳ ሚቴን የሚባል ሙቀት አማቂ ጋዝ ታወጣለች፤ መኖዋም መሬትና ማዳበሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ሸክሙ ያለው ወተቱ ላይ ነው። የፕላስቲክ ኩባያውን በወረቀት መቀየር ሂሳቡን ብዙም አይነቀንቀውም።

ቀጥሎ ቁጥር ሰብስቡ። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ የመብራት፣ የውሃ፣ የነዳጅና የግዢ ደረሰኝ ይበቃል። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የማየው የማቀዝቀዣ ጥገና ደረሰኝን ነው። በየጥቂት ወሩ «ጋዝ ተሞላ» የሚል ካለበት፣ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው ማለት ነው። የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅማ! አር-404ኤ የሚባለው ጋዝ አንድ ኪሎው አየር ላይ ሲለቀቅ፣ በ100 ዓመት ስሌት 3,900 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት ያስከትላል። ባለሙያው እንደገና ከመሙላቱ በፊት ቀዳዳውን ፈልጎ ይድፈን። አዲስ ስትገዙ ደግሞ በፕሮፔን ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ካለ ጠይቁ።

ከዚያ ብክነት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳለው፣ በ2022 በቤት፣ በምግብ ቤትና በችርቻሮ መደብር 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ለአንድ ሳምንት የምትጥሉትን መዝኑ፤ ከነምክንያቱ መዝግቡ። ከመጋዘን ቀድሞ የሚበላሸው ቀድሞ ይውጣ። የተረፈው መጀመሪያ ለሰው፣ ካልሆነ ለከብት፣ እሱም ካልሆነ ለኮምፖስት ይዋል። ቢራ ጠማቂዎች ከብቅሉ የሚተርፈውን ቢንቶ ለከብት አርቢ መስጠት የቆየ ልማዳቸው ነው።

ከባዱ ሥራ አቅራቢው ጋ ነው። ብዙ ድርጅት እዚህ ላይ ረጅም ቅጽ ልኮ ይገላገላል። ገበሬው መቶ ጥያቄ ሞልቶ ምን ያገኛል? ሦስቱ ይበቃሉ፦ ምን ያህል ማዳበሪያ ይጠቀማሉ? ውሃው ከየት ይመጣል? መሬቱ በቅርብ ጊዜ ከደን የተመነጠረ ነው? የመጨረሻውን አትናቁት። የአውሮፓ ህብረት በ2023 ያወጣው ሕግ ቡና፣ ካካዋ፣ አኩሪ አተር፣ የፓልም ዘይትና የቀንድ ከብት ውጤቶች ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት እንዳይመጡ ይከለክላል።

ለውጥ ስትጠይቁ ገበሬውንም የሚጠቅመውን አስቀድሙ። የሩዝ ማሳን ሁልጊዜ በውሃ ከመሸፈን በየመሃሉ እንዲደርቅ መተው ሚቴንንም ውሃንም ይቀንሳል። ወጪ ያለበት ከሆነ ደግሞ የብዙ ዓመት የግዢ ውል ፈርሙለት። ሁሉን እሱ ላይ ጥሎ «ዘላቂ ሁን» ማለት ነውር ነው።

ማጓጓዣና ማሸጊያ ከዚህ በኋላ ይምጡ። በአውሮፕላን የሚመጣ ካለ ወደ መርከብ አዙሩት፤ የሚለቁት ሙቀት አማቂ ጋዝ ልዩነቱ በአንድ ቶን፣ በአንድ ኪሎ ሜትር 50 እጥፍ ገደማ ነው። የጭነት መኪና ባዶውን አይመለስ። የመጠጥ ጠርሙስ ተሰብስቦ፣ ታጥቦ ደጋግሞ ሲሞላ ጥሩ ነው። አንዴ ተጠጥቶበት የሚጣል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ ይብሳል፤ ክብደት አለው፣ ብርጭቆ ለማቅለጥም 1,500 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይጠይቃል።

ማሸጊያው ላይ «አረንጓዴ» ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። ምን እንደቀነሳችሁ፣ በስንት በመቶና ከየትኛው ዓመት ጋር ሲነጻጸር እንደሆነ ጻፉ።