ለሃይሮክስ ጀማሪ፦ ሁለት ጀሪካን ይበቃል

ሃይሮክስ ስምንት ጊዜ 1 ኪሎ ሜትር እየተሮጠ፣ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ አንድ የጉልበት ሥራ የሚሠራበት ውድድር ነው። ጀማሪን የሚጥለው ግን የጉልበት ሥራው ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሩጫ ነው። እግር ዝሎ መሮጥ ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል፤ ሩጫና ክብደትን በየቀኑ ለያይቶ መሥራት አይተካውም።

ከጉልበት ሥራዎቹ አንዱ ለሆነው ሸክም ጀሪካን በቂ ነው። በመደበኛው ምድብ ወንዶች በየእጃቸው 24፣ ሴቶች 16 ኪሎ ይዘው 200 ሜትር ይሄዳሉ። ጎደሎ ውሃ እየተናጠ ወገብ ስለሚያጣምም ደረቅ አሸዋ ይሻላል፦ 15 ሊትር ያህሉ ወደ 24፣ 10 ሊትሩ ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል። በሚዛን አረጋግጡ። እጀታው ጣት ይቆርጣል፤ ጨርቅ ጠቅልሉበት።

በሳምንት ሁለቴ፣ ሜዳ ቦታ ላይ፦ 400 ሜትር ሩጫ፣ 50 ሜትር ሸክም፣ ወዲያው እንደገና ሩጫ። አራት ዙር። ጎንደር ለምትለማመዱ፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናትና የመጀመሪያው ዙር አጭር ዓረፍተ ነገር እያወራችሁ የምትጨርሱት ይሁን። የፒያሳን ዳገት ለሌላ ቀን ተዉት። የመጨረሻው 400 ከመጀመሪያው ከ20 ሰከንድ በላይ ከዘገየ አነሳሳችሁ ፈጥኗል፤ ኪሎውን ሳትነኩ ፍጥነቱን ቀንሱ።