የመጥለቂያ ሬጉሌተር ማሸጊያዎች ማርጀታቸውን እንዴት መለየት ይቻላል?

ሬጉሌተር፣ ማለትም የሲሊንደሩን አየር ለመተንፈስ ወደሚመች ግፊት የሚያወርደው መሣሪያ፣ የሚያረጀው ባሕር ውስጥ ብቻ ነው የሚል እምነት በጠላቂዎች ዘንድ ተስፋፍቷል። ይህ አደገኛ እምነት ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመውም ያረጃል። ከውስጥ ማሸጊያዎቹ ብዙዎቹ ናይትራይል ከሚባል ጎማ የተሠሩ ኦሪንጎች (ክብ ቀለበቶች) ናቸው። ኦዞንና ፀሐይ ይሰነጣጥቋቸዋል፤ ለረጅም ጊዜ ተጨቁነው ሲቆዩም ጠፍጣፋ ሆነው ይቀራሉ።

በመጀመሪያ ከውጭ የሚታየውን ኦሪንግ በጥፍር ጫን ብለው ይመልከቱ። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየር። ለማውጣት መርፌ አይጠቀሙ፤ ማረፊያውን ከጫረው አዲሱም ያፈስሳል። የፕላስቲክ ወይም የናስ መሣሪያ ይሻላል።

ቀጥሎ ሬጉሌተሩን ሲሊንደር ላይ ገጥመው፣ ቫልቩን ሳይከፍቱ በአፍ ይሳቡ። አየር ከገባ የአፍ ክፍሉ (ጠላቂው አፉ ውስጥ የሚይዘው) ስስ ሽፋን ወይም የትንፋሽ ማስወጫው ችግር አለበት።

ዋናው ፈተና የመካከለኛ ግፊት ነው። የመጀመሪያው ክፍል (ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው) የሲሊንደሩን 200 ባር ገደማ ግፊት ወደ 9 ወይም 10 ባር ያወርዳል። ይህን የሚለካው ጌጅ ርካሽ ነው፤ የራሱ ሬጉሌተር ያለው ጠላቂ ሁሉ ሊኖረው ይገባል እላለሁ። በጃኬት መንፊያው ቱቦ ላይ ይግጠሙትና ቫልቩን በቀስታ ይክፈቱ። የአፍ ክፍሉን መጫኛ (አየር የሚለቀውን ቁልፍ) ደጋግመው ተጭነው ይልቀቁ። የጌጁ መርፌ ወርዶ ይመለሳል፤ ተመልሶም ቀጥ ማለት አለበት። ትንሽ ከፍ ብሎ ከቆመ አያሳስብም። ለደቂቃዎች ሽቅብ መውጣቱን ከቀጠለ ግን በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የሲሊንደሩን አየር የሚዘጋው የከፍተኛ ግፊት መቀመጫ ተበልቷል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ ትርፍ ግፊት የሚያመልጠው በአፍ ክፍሉ በኩል ስለሆነ፣ ፉጨቱ የሚሰማው ከዚያ ነው። ስለዚህ ደህናው ክፍል ይፈታል፤ የታመመው ሳይነካ ይቀራል። በተቃራኒው ጌጁ ጸንቶ ቆሞ ፉጨት ካለ፣ ጥፋቱ የአፍ ክፍሉ መቀመጫ ሊሆን ይችላል። ስፕሪንግ ከብረት ጠርዝ ጋር ሌት ተቀን ስለሚያጣብቀው፣ ሳይሠራም ክብ ቦይ ይወጣበታል። የአፍ ክፍሉ የማስተካከያ ቁልፍ ካለው ሲያስቀምጡት አላልተው ይተዉት።

በመጨረሻም ግፊት እንዳለው ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ ይፈልጉ።

የውስጡን ሥራ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዉ። ቫዝሊን ወይም የመኪና ግሪስ ፈጽሞ አይቀቡ፤ ኦክስጅን በበዛበት አየር እሳት ያስነሳል። የሲሊኮን ግሪስም ቢሆን የሲሊኮን ሽፋንን ያሳብጣልና ከእርሱ ያርቁት።